የሙሴ ጳንዴሊ አባት

ሊክሱሪን ዝናብ ይዟታል፤ ባሕሩ አመድ መስሏል፤
ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ሦስት ሰነድ ፊቴ ተዘርግቷል።
ወይዘሮ ስታማትያ፣ መዝገብ ጠባቂዋ፣ መነጽሯን በክር አንግታ፣
“ላንድ ሰው ሦስት አባት? ብዙም አይደል” አለችኝ፣ አቧራውን በጨርቅ መትታ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጥራዝ፣ ጠርዙን ብል የበላው፣
“ጳንዴሊስ፣ የአናስታሲስ ልጅ” ይላል፤ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤
ክርስትና ሲነሳም በክንዷ የታቀፈችው
አሲሚና ናት፣ አዋላጇ፤ በስሟ ፈንታ መስቀል ነው የሳለችው።

የወንዶች መዝገብ ደግሞ፣ ለጦር ጎረምሳ የሚቆጥረው፣
“የላምብሮስ ልጅ፣ የመርከበኛ” ብሎ፣ ሦስት ዓመት አሳነሰው።

ሦስተኛውን እኔ አመጣሁት፣ ከድሬዳዋ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፦
የጋብቻ ውሉን፤ በልጅነቴ ከእናቴ ሳጥን ሰርቄ፣ ፊደሉን በጣቴ ተከትዬ
ያነበብኩትን። “አባት፦ ቴዎድሮስ” ይላል። ቀፊራ ይህን የሰማ ሁሉ
“የንጉሥ ልጅ መጣ!” እያለ፣ መጋዙን ይዞ ሲያልፍ እጅ ይነሣው ነበር አሉ።

ዘመኑንም ላስታርቅ ሞከርኩ። እኛ በስምንት ዓመት እንዘገያለን፤
እነሱም ያን ጊዜ፣ በአሮጌው አቆጣጠር፣ በአሥራ ሁለት ቀን።
በወረቀት ጀርባ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ባየው፣
ሳይወለድ በፊት ነው ከመርከብ የተሳፈረው።

ነገሩ የጀመረው በሽምግልና ነው። የእጮኛዬ አጎት፣ ጋሽ ሽብሩ፣
“ሰባት ቤት ቁጠሪልን” አሉኝ፤ ጣታቸውን ዘርግተው ሊቆጥሩ።
በአባቴ በኩል እንደ ዳዊት ወረድኩት። በእናቴ ግን ተሰናከልኩኝ፦
እናቴ፣ አያቴ ፈለቀች፣ ሙሴ ጳንዴሊ፤ ከዚያ ባሕር ገጠመኝ።
“ከባሕሩ ማዶስ?” አሉ ጋሽ ሽብሩ፤ ሳቀ የተሰበሰበው።
እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጥያቄው ጥያቄ ነው።

ስታማትያ ሰዓቷን አይታ ሄደች፤ ስትመለስ አራተኛ ይዛ ነው፤
ቀጭን ደብተር፣ ሽፋኑ ቆዳ፣ እርጥበት ያሳበጠው።
“የተጣሉ ሕፃናት” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ወንድ ልጅ፤ በሐምሌ ሌሊት፤ ገና ሳይነጋ፤
በሸራ ቁራጭ ተጠቅልሎ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር፤
ለድንጋይ ጠራቢው ሚስት ተሰጠ፤ ስምንት ድራክማ በወር፤
በአሥር ዓመቱ ላምብሮስ የሚባል ወሰደው፣ መርከብ ላይ ሊያሠራው።
ታዲያ ማን ዋሸ? አንዱ ቤት አጠባው፣ አንዱ ባሕር አሻገረው።

“ቴዎድሮስስ?” ስላት፣ “እሱ እንኳ ሰው አይመስለኝም፤
የእግዜር ስጦታ ማለት ነው፤ አባት የሌለው የሚጽፈው” አለች፤ “ግን አልምልም።”

የእናት ስም መጻፊያው ላይ ሰረዝ አለ፤ ሰረዝ ብቻ።
ያመጣችው አሲሚና ናት፤ ያው መስቀል፤ ዕድሜዋ፣ በገጹ ዳርቻ፣
“አሥራ ዘጠኝ” ይላል።
አሥራ ዘጠኝ! አዋላጅ በዚያ ዕድሜ የት ታይቷል?
ወይስ እኔ ነኝ ከመስቀል ቅርጽ ውስጥ ሰው የማወጣ?

እናት እውነት፣ አባት እምነት ይላሉ የአገሬ አሮጊቶች፤
እዚህ እምነቱ ሦስት ሆኖ፣ እውነቲቱ በሰረዝ ስር ተቀበረች።

“ለሰርተፊኬቱ የቱን ልጻፍ?” አለች፤ ብዕሯ አየር ላይ ቆሟል።
ዝናቡ አባርቷል። ከወደቡ የጀልባ ደወል ይሰማል።
“ሰረዙን ጻፊልኝ” አልኳት፤ “ልክ እንዳለ፤ ርዝመቱም እንዳይቀየር።”

ወጥቼ ከወደቡ ግንብ ተቀመጥሁ፤ ከእርጥቡ ድንጋይ ዳር።
እናቴ። ፈለቀች። ሙሴ ጳንዴሊ። ሦስት ጣት ታጠፈልኝ።
አራተኛዋን አጥፌ
ጋሽ ሽብሩን አሰብኩ፤ ደግሞ አሲሚናን፤
መልሼ ዘረጋኋት።